ከአሥራ አራት ወር በኋላ የገባው ሰውዬ

ፊልም ሥራ ላይ ነገረኛ የምትባል አንዲት ሴት አትጠፋም፤ እኛ ጋ እሷ እኔ ነኝ። የሙያው ስም ኮንቲኒቲ ነው። ፊልም እንደምታዩት በተርታ አይቀረጽም፤ መጨረሻው ሰኞ፣ መጀመሪያው ሐሙስ ሊቀረጽ ይችላል። ሰኞ ብርጭቆው ግማሽ ድረስ ከነበረ ሐሙስም ግማሽ ድረስ መሆን አለበት። የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ተከፍቶ ከነበረ ይከፈታል። ሁሉን ፎቶ አንስቼ፣ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ "ቆይ! እንዲህ አልነበረም!" እያልኩ የሰው ደም የማፈላው እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ፊልም ሠርቻለሁ፤ እዚህ ጋ ተሳስተሻል ያለኝ ተመልካች እስካሁን አልተወለደም። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ዋናው ነገር ግን ይህን ዓይን ይዤ በገዛ ቤታችን ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ዕውር ሆኜ መኖሬን እንድታውቁልኝ ነው።

ወንድሜ ዳይሬክተር ነው፣ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። አባባ የሞተ ጊዜ አራት ሰው ነው ከጉድጓዱ አፋፍ ጎትቶ ያወጣው። ከዚያ ሁለት ዓመት ካሜራ አልነካም። የአባቱ ልጅ ነበር። እውነቱን ልናገርና እኔ እቀናበት ነበር። አባባ ሁለታችንንም ይወዳል፤ እሱን ሲያይ ግን ዓይኑ ሌላ ነው፣ የታመመ ልጅ እንደሚያስታምም ሰው ይሆናል። እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

አንድ እሑድ እማዬ ቤት ምሳ እየበላን ወንድሜ ድንገት ቀና አለና "ሐሳብ መጣልኝ" አለ። ደስ አለኝ፤ ሐሳብ መጣልኝ ካለ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

"ልብ አንጠልጣይ ፊልም ነው። አንድ ባል ለሥራ ሩቅ አገር ይሄዳል። ደብዳቤው ይቋረጣል። ከአሥራ አራት ወር በኋላ በሩ ይንኳኳል። ሚስት ትከፍታለች። ኮቱ የባሏ ነው፣ ቦርሳው የባሏ ነው፣ ቁልፍ የት እንደሚደበቅ እንኳ ያውቃል። ግን እሱ አይደለም።"

"ታዲያ ማነው?" አልኩ።

"እሱን ነዋ ተመልካቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጠይቅ የሚያመሸው።"

ከየት እንዳመጣው ወዲያው ገባኝ። አባባ ወንድሜ ልጅ እያለ መንገድ ሥራ ሄዶ፣ ታሞ ከርሞ፣ ከስቶ ተመልሷል፤ ይህን የቤታችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደራሲ ሌባ ነው፣ ከቤቱ ነው የሚጀምረው። እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠችና "የት ነው የምትቀርጹት?" አለች።

"ቤት እየፈለግን ነው።"

"ይኸው ቤት። እዚሁ ሥሩት።"

እኔና ወንድሜ ተያየን። ወንበሯን በስንዝር ያንቀሳቀሰባትን ሰው ሳምንት ሙሉ የምታኮርፍ ሴት፣ ሠላሳ ሰው ከነሽቦው ከነመብራቱ ልታስገባ! ሐዘን አለስልሷታል አልኩ በልቤ።

ስክሪፕቱ አንድ ዓመት ፈጀ። ወንድሜ እያንዳንዱን ትዕይንት ካርድ ላይ እየጻፈ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ ያነሳል፣ መልሶ ይለጥፋል። እኔ ማታ ማታ እየሄድኩ እጨቀጭቀዋለሁ። "ድንጋጤ የአንድ ሰከንድ ነገር ነው" ይለኛል። "በሩን በርግደሽ ብትገቢ ሰው ይደነግጣል፣ ከዚያ ይስቃል። ስጋት ግን ሌላ ነው። ስጋት ማለት አብሮሽ የሚበላውን ሰው አለማወቅ ነው። ጨው አቀብለኝ እያልሽው።" ይህን ሲለኝ እኔ እስቃለሁ፣ እሱ አይስቅም።

"ልጅ የላቸውም?" አልኩት አንድ ቀን፣ ካርዶቹን ስቆጥር።

"የላቸውም። ልጅ ከገባበት ይበላሻል።"

ዘጠኝ ጊዜ ጻፈው። የመጨረሻው ካርድ ግን ዘጠኙንም ጊዜ ባዶ ነበር። ሰውየው ባሏ ይሁን አይሁን ወንድሜ መወሰን አቃተው፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

ቀረጻው ሲጀመር እማዬ ቁምሳጥኗን ከፍታ ግራጫ ወፍራም ኮት አወጣች። "ይህን አልብሱት" አለች። ባልየውን የሚሠራው ተዋናይ ዝምተኛው የምንለው ረጅም ሰው ነው። ለበሰው። ተለክቶ የተሰፋለት ይመስል ልክክ አለበት። እማዬ ተጠግታ አንድ በአንድ ቆለፈችለት፤ ከታች ወደ ላይ። ዝምተኛው ቀስ ብሎ "ይህን ስለብስ ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል" አለኝ።

"ከኋላህማ መብራት የያዘው ልጃችን ቆሟል፣ ጥላውን ነው ያየኸው" አልኩት። ሁሉም ሳቀ። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ለግድግዳ እየሰጠ ነበር የሚቀመጠው።

በሦስተኛው ቀን የበሩን ትዕይንት ቀረጽን። ተዋናይቷ በሩን ትከፍታለች፣ ሰውየውን ታያለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የያዘችው ኩባያ ወድቆ ይሰበራል። አራት ኩባያ ሰበርን። አምስተኛውን ልንሰብር ስንል እማዬ ከሞኒተሩ አጠገብ፣ ከተቀመጠችበት፣ "እንዲህ አይደለም" አለች።

ቀረጻ መሀል መናገር ክልክል መሆኑን ማን ይንገራት።

"ምኑ ነው እንዲህ ያልሆነው እማዬ?" አለ ወንድሜ።

"እጇ አይንቀጠቀጥም። ቀጥ ብላ ታየዋለች። ከዚያ 'ግባ፣ ምሳ ቀርቧል' ትለዋለች።"

ተዋናይቷ ዞር ብላ "እማማ፣ የማታውቀውን ሰው ነው እኮ! እርስዎ ቢሆኑ ያስገቡታል?" አለች።

"የምትፈሪውን ሰው ደጅ አታቆሚውም ልጄ። ሰው ያይብሻል።"

እንዳለችው አደረግነው። ተዋናይቷ በሩን ከፈተች። አየችው። እጇ ጸጥ ያለ ነበር። "ግባ፣ ምሳ ቀርቧል።" ዝምተኛው ገባ፣ በሩ ከኋላው ተዘጋ፣ እና "ከት" ብሎ ቀረጻውን የሚያቆም ሰው ጠፋ። የካሜራማኑን ክንድ አየሁት፣ ፀጉሩ ቆሟል። ወንድሜን አየሁት። ሞኒተሩን አልነበረም የሚያየው፤ የሚያየው እማዬን ነበር።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ወንድሜ ወደ ጓሮ ወሰደኝና "አንድ ስህተት ሥሪልኝ" አለኝ።

"እኔ? ስህተት? ጤና የለህም እንዴ?"

"አንቺ ብቻ ነሽ የምትችይው። ባልየው ከመሄዱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ፣ የማይገጥም አንድ ነገር እንዲኖር እፈልጋለሁ። ተመልካቹ ማየቱን አያውቅም፣ ሆዱ ግን ያውቀዋል። ትንሽ ነገር ይሁን። የአባባን የድሮ ፎቶዎች አውጪና እያቸው። ከዚያ ታገኛለሽ።"

እድሜ ልኬን ስለቅም የኖርኩትን ስህተት ልዘራ ነው ብዬ እየተነጫነጭኩ በማግስቱ እማዬ መኝታ ቤት ገባሁ። ቀትር ነው፣ ሌላው ሁሉ ምሳ ላይ ነው። አልበሙን አልጋው ላይ ዘረገፍኩ። እንደ ሥራዬ በየዓመቱ ደረደርኳቸው፤ አባባ ሳይሄድ በፊት ስድስት ፎቶ፣ ከተመለሰ በኋላ የተነሳው ቁጥር ስፍር የለውም። ከዚያ እንደለመድኩት ከራስ ፀጉር ጀመርኩ። ፀጉር፣ ግንባር፣ ኮሌታ፣ ቁልፍ። ኮቱ በሁለቱም በኩል አለ፤ ያው ግራጫው ኮት፣ ያው ወፍራም ቁልፍ። ተመልሼ ወደ ፊቱ መጣሁ። ጆሮው ጋ ቆምኩ።

ሳይሄድ በተነሱት ስድስቱም ፎቶዎች ላይ ጉትቻ የሚንጠለጠልበት የጆሮው ሥጋ ወርዶ ለብቻው ተንጠልጥሏል። ከተመለሰ በኋላ ባሉት ላይ ግን ከጉንጩ ጋር ተጣብቋል።

በመጀመሪያ ሳቅኩ። ካሜራው የት እንደቆመ አየሁ። መብራቱን አየሁ። አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ። ሰው ይከሳል፣ ይሸብታል፣ ጥርሱ ይረግፋል፤ ጆሮው ግን ሄዶ ከጉንጩ ጋር አይሰፋም። አሥራ ሦስት ፊልም ሠርቻለሁ፣ ይህን የሚያህል ስህተት አይቼ አላውቅም። ኮቱ አንድ ነው፤ ሰውየው ሁለት ነው።

የእማዬ መስታወት ፊት ለፊቴ ነበር። ፀጉሬን ወደ ኋላ ሰብስቤ አየሁ። የእኔ ጆሮ ተጣብቋል። የወንድሜን ማየት አላስፈለገኝም፤ ልጅ ሆነን ያን የተንጠለጠለ ጆሮውን እየጎተትኩ ነው ያደግኩት።

አልጋው ላይ፣ ከፎቶዎቹ መሀል ተቀመጥኩ። አባባ ከዚያ ሁሉ ፎቶ ውስጥ ያየኛል፤ በልደቴ፣ በምረቃዬ፣ እኔን አቅፎ። ደግ ፊት ነው። ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

እማዬን ወጥ ቤት አገኘኋት፣ ድንች ትልጣለች። ሁለት ፎቶ ፊቷ አስቀመጥኩ። እጇን በሽርጧ ጠረገች። መነጽሯን እንኳ አልፈለገችም።

"ቆየሽ" አለችኝ። "ይህን ዓይን ይዘሽ እንዴት እንደቆየሽ ሲገርመኝ ነው የኖርኩት።"

"ማነው?"

"አባትሽ ነዋ።"

"እማዬ! አታሹፊብኝ።"

"የአንቺ አባት ነው አልኩሽ እኮ።" ድንቹን አንስታ መላጥ ቀጠለች። "የወንድምሽ አባት መንገድ ሥራው ካምፕ ውስጥ በበሽታ ሞተ። አባትሽ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ድንኳን አብሮት ኖሯል። ማታ ማታ ስለኛ ሲያወራለት፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ልጁ፣ እኔ ስቆጣ እንዴት እንደምሆን፤ ሁሉን ያውቅ ነበር። ኮቱንና ቦርሳውን ሊያደርስልኝ፣ መርዶውን ሊነግረኝ ነው የመጣው። ብርድ ስለነበረ ኮቱን ለብሶታል። በሩን ከፈትኩ። ኮቱን አየሁ፣ ፊቱን አየሁ፣ ሁሉም ገባኝ። አፉን ሊከፍት ሲል ወንድምሽ ከጓዳ ሮጦ መጣና እግሩን አቀፈው። 'አባባ መጣ! አባባ መጣ!' አለ። አምስት ዓመቱ ነው፤ አባቱን ካየ አሥራ አራት ወር ሆኖታል፣ ተሳሳተ። ሰውየው እኔን አየ። እኔ እሱን አየሁ። ግባ፣ ምሳ ቀርቧል አልኩት።"

"ጎረቤት? ዘመድ?"

"ሟቹ ሰፈሩ ከገባን ሁለት ወር ሳይሞላን ነው የሄደው፤ ማን ያውቀዋል? ዘመድ አልነበረውም። የእኔዎቹ እሱን አገባሽ ብለው አኩርፈውኝ ነበር።"

"ከዚያስ? መቼ አወራችሁበት?"

"አላወራንበትም።"

"እንዴት ማለት?"

"አላወራንበትም ልጄ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አንድም ቀን። በሟቹ ስም ጠራሁት፣ አቤት አለኝ። በዚያው ስም ቀበርኩት። የራሱን ስም ጠይቄው አላውቅም።" ቢላዋው ቆመ። "መጀመሪያ መጀመሪያ ሌሊት ነቅቼ አየው ነበር። እሱም ነቅቶ ያየኝ ነበር። ጧት ተነስተን ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ። እያደር ወደድኩት። ምን ታደርጊዋለሽ።"

እናንተ ሰው ናችሁ፣ አትፍረዱብኝ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። የእኔ ነው አልኩ። ያ ሁሉ የቀናሁበት አባት የእኔ ብቻ ነው፣ ጆሮውን ወርሻለሁ። ደስታዬ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ። ከዚያ ወንድሜ ከጓሮ ሲስቅ ሰማሁት፣ እና ያ አራት ሰው የጎተተው ጉድጓድ ትዝ አለኝ።

"ለሱ እንዳትነግሪው" አለች እማዬ፤ እንዲህ ስትለምን ሰምቻት አላውቅም። "አንድ ጊዜ ቀብሮታል፣ ሁለተኛ አታስቀብሪው። ሆድ ይፍጀው፣ በሞቴ።"

"ታዲያ ቤትሽን ለምን ሰጠሽን? ታሪኩን ሲናገር ሰምተሽ?"

"ሌላ ቤት ቢሠራው ሰው ይጠይቃል፣ ያጣራል፣ ይቆፍራል። እዚህ ከሆነ ዓይኔ ሥር ነው።" ድንቹን ውሃ ውስጥ ጣለችና "ደግሞም ያችን በር እንደገና ማየት ፈለግኩ" አለች።

በማግስቱ ለወንድሜ ስህተቱን ሰጠሁት። ጆሮ የሚባል ነገር አልተነፈስኩም። "ባልየው ከመሄዱ በፊት ኮቱን ሲያወልቅ የግራ እጁን ያስቀድማል። ከተመለሰ በኋላ የቀኙን ያስቀድም" አልኩት። ጥሩ ስህተት ነው፤ ኮርቼበታለሁ።

ወንድሜ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

"ይህን ብቻ ነው ያገኘሽው?"

"ይህን ብቻ።"

"አንቺ?"

"እኔ። ምነው፣ አነሰህ?"

ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። የዚያን ቀን ደብተሬ ላይ ሦስት ቦታ ተሳስቼ ጻፍኩ።

ቀረጻው በሃያ አራት ቀን አለቀ፣ ኤዲቲንጉ አራት ወር ወሰደ። መጋረጃው ተዘግቶ የሚውል ጠባብ ክፍል ውስጥ እኔ፣ ወንድሜና መቀስ የምንለው ኤዲተር ተቀመጥን። የሚያስፈራው ነገር ሁሉ እዚያ ነው የሚሠራው። በሩ ሲከፈት የነበረውን ሙዚቃ ወንድሜ አስወጣ፣ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። የእርምጃው ድምፅ ለብቻው ተቀረጸ፣ ከሰውየው ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ እንዲሰማ ተደረገ፤ አንድ ሰው ሲራመድ ሁለት ሰው የሚራመድ ይመስላል። መቀስ ራሱ የሠራውን እያየ "መብራት አብሩልኝ" ይል ነበር። እኔ የምፈራው ግን ሌላ ነው። በየቀኑ የወንድሜን ፊት እየተመለከትኩ፣ አሁን ገባው፣ አሁን ገባው እያልኩ አራት ወር አለቅሁ። እማዬ ማታ ማታ ትደውልና "እንዴት ነው?" ትለኛለች። "ምንም አላወቀም" እላታለሁ። ስለ ፊልሙ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

መጨረሻው ላይ ሚስት አፏን ልትከፍት፣ ማነህ ልትለው ስትል ሰውየው ኮቱን ያወልቃል፤ የቀኝ እጁን አስቀድሞ። ታየዋለች። አፏን ትዘጋለች። ኮቱን ተቀብላው ትሰቅልለታለች። አለቀ። ባዶ ሆኖ የከረመው ካርድ ይህ ነው። "መጨረሻ አገኘህለት ማለት ነው" አልኩት። "ቀድሞም ነበረኝ" አለኝ። አልገባኝም።

የመጨረሻዎቹን ጽሑፎች፣ ማን ምን ሠራ የሚለውን፣ አላሳይሽም አለኝ። አሥራ ሦስት ፊልም ላይ ፊደል ያረምኩት እኔ ነኝ! "አንዲት ፊደል ብትሳሳት ጉድህ ይፈላል" ብዬ ዝቼ ተውኩት።

ከማንም በፊት እማዬ እንድታየው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ አዳራሽ ለመንን። ሦስታችን ብቻ ነን፤ ሦስት መቶ ወንበር ባዶ። እማዬ ከመሀላችን ተቀመጠች። በሩ የተከፈተ ጊዜ እጇ እጄን ፈልጎ ያዘ፣ ቀዝቃዛ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት "ግባ፣ ምሳ ቀርቧል" ስትል የእማዬ ከንፈር አብሮ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ኮቱ ተሰቀለ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከጥቁሩ መሀል አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ወጣ።

"መነጽሬን አልያዝኩም" አለች እማዬ። "ምን ይላል? አንብቢልኝ።"

አነበብኩት፤ ለራሴ።

"አንብቢልኝ እንጂ።"

"ለሁለቱም አባቶቼ ይላል" አልኳት።

የእማዬ እጅ ከእጄ ውስጥ ወጣ። ወንድሜ ወደ ስክሪኑ እያየ ነው፣ ዞር አላለም። የፊልም ማሳያው ማሽን ከኋላችን ያጉረመርማል።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለች በመጨረሻ። ድምፅዋን አላወቅሁትም።

"ከበሩ ጀምሮ እማዬ። አምስት ዓመቴ እኮ ነበር፤ አባቴን የማላውቅ ይመስልሻል?"

"አባባ መጣ አልክ! እግሩን አቀፍከው! እኔ እኮ አንተ ስላልክ ነው ያስገባሁት። ልጁ ተሳስቷል፣ ልቡን አልሰብርም ብዬ።"

"በሩን ልትዘጊበት ነበር" አለ ወንድሜ። "ያለቅስ ነበር እኮ፤ አንቺ ኮቱን ስታዪ እንባውን አላየሽም። ብርድ ነበር። ዝም ብዬ ባይ ይሄዳል፣ እኛም ብቻችንን እንቀራለን። ሌላ የምለው ነገር አላውቅም ነበር።"

እማዬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ወንድሜ ክንዱን ዘርግቶ አቀፋት፣ እጁ አልፎ እኔ ጋ ደረሰና ጀርባዬን ያዘ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አባቴን ወሰደብኝ ብዬ የቀናሁበት ልጅ ነው፤ ያን ቀን ከጓዳ ባይሮጥ ኖሮ እኔ የለሁም።